የጋሼ ውል ማን እጅ ገባ? ከአርሊንግተን፣ ቴክሳስ የአንድ የጋዝ ሊዝ ታሪክ

በ2024 ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ጋሼ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ አንድ ደብዳቤ መጥቶልኛል። ና እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። ጋሼ እንግሊዝኛ ከእኔ አያንሱም። ዳላስ አካባቢ ከ30 ዓመት በላይ ኖረዋል። «አንብብልኝ» ሲሉ «ና አብረን እንናደድ» ማለታቸው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። የጋሼንና የእትዬን ስም ደግሞ አላነሳም።)

ደብዳቤው የመጣው አርሊንግተን ወዳለው አሮጌው ቤታቸው ነው። ቤቱን በ2001 ገዝተው ልጆቻቸውን አሳድገውበታል። በ2015 ጁላይ ጋርላንድ ሲገቡ አከራዩት። ደብዳቤውን ያቀበላቸውም ተከራዩ ነው።

የተጻፈው ባጭሩ እንዲህ ይላል፤ «የማዕድን መብትዎን በ1,900 ዶላር እንገዛለን። ከታች ፈርመው ይመልሱ።» ላኪው ስሙን ሰምቼ የማላውቀው ድርጅት ነው። አባሪውን ገልጬ ሳየው ማመልከቻም ቅጽም አልነበረም። ሙሉ የሽያጭ ሰነድ ነው። ተፈርሞ ከተመዘገበ ከመሬቱ በታች ያለው ሁሉ ለዘላለም ሄደ ማለት ነው።

ጋሼ ሳቁ። «እኔ ደግሞ ምን ማዕድን አለኝ?»

እትዬ ከወጥ ቤት ሆነው መለሱላቸው። «ያ የጋዙ ነገር ነዋ! ረሳኸው እንዴ?»

አገር ቤት ላደገ ሰው ነገሩ ግር ይላል። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትም ሆነ የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ጓሮህ ውስጥ ወርቅ ቢወጣ ያንተ አይደለም። ቴክሳስ ሌላ ነው። ላይኛው መሬትና ከሥር ያለው ማዕድን ሁለት የተለያዩ ንብረቶች ናቸው፤ አንዱን ሸጠህ ሌላውን ማስቀረት ትችላለህ። አንዳንድ ቤት ሠሪ ድርጅቶች ቤቱን ሲሸጡ ማዕድኑን ለራሳቸው ያስቀራሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ያየሁት የ2001ን የቤት ሰነድ ነው። «ማዕድኑ ተይዟል» የሚል ሐረግ የለበትም። ከዚያ በፊት የነበሩትን የሻጮች ሰነዶችም አየሁ፤ እነሱም ንጹሕ ናቸው። ማዕድኑ የጋሼና የእትዬ ነው።

አርሊንግተንና ፎርት ዎርዝ ያሉበት ታራንት ካውንቲ ከሥሩ ባርኔት ሼል የሚባል ድንጋይ አለ። ጥልቀቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ይበልጣል። ጋዙ መኖሩ ከጥንት ይታወቅ ነበር፤ ድንጋዩ ግን አይለቅም። ጆርጅ ሚቸል የሚባል የግሪክ ስደተኞች ልጅ በኩባንያው በኩል ለዓመታት ገንዘብ ሲያፈስበት ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ውኃ በብዛት እየገፉ ድንጋዩን መሰንጠቅ አዋጪ መሆኑ ታየ። ከዚያ በኋላ ቁፋሮው ከእርሻና ከግጦሽ መሬት አልፎ ከተማ ገባ። በ2008 የጋዝ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ውል ሰብሳቢዎች ባለመሬቱን የጋዝ ማውጫ ውል (ሊዝ) ለማስፈረም ቤት ለቤት ይዞሩ ጀመር። ለአንድ ኤከር (አራት ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ) የሚሰጠው የፊርማ ገንዘብ አንዳንድ ሰፈር ከ20,000 ዶላር አለፈ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ገበያው ሲወድቅ ያው ሰብሳቢ ስልክ ማንሳት አቆመ።

ጋሼና እትዬ የፈረሙት ከውድቀቱ በፊት፣ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ነው። ግቢያቸው አንድ አምስተኛ ኤከር ነው። በኤከር 15,000 ዶላር ሒሳብ 3,000 ዶላር ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ የ25 ከመቶ ሮያልቲ፣ ማለትም ከሚሸጠው ጋዝ ድርሻ፣ ነበራቸው። ጋዝ መውጣት ሲጀምር ቼክ ይመጣ ነበር፤ መጀመሪያ በየወሩ፣ ዋጋው ሲወርድ ደግሞ በዓመት አንዴ። የቴክሳስ ሕግ ከ100 ዶላር በታች የሆነ ሒሳብ ተጠራቅሞ በዓመት እንዲከፈል ይፈቅዳል። በዓመት አንዴ የሚመጣ ቼክ ቢቀር ማን ልብ ይላል? እነሱም አላሉም።

ጥያቄው እዚህ ላይ መጣ። ለመሸጥ ወይም ላለመሸጥ ለመወሰን የዛሬውን ገቢ ማወቅ ያስፈልጋል። ገቢውን ለማወቅ ከፋዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ከፋዩን ለማወቅ ደግሞ ውሉ ዛሬ ማን እጅ እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ቀን ስህተት

ጋሼ ነገሩ ያለቀ መሰላቸው። «ቼሳፒክ ነው። ቼኩ ላይ ስሙ ነበር።» እኔም ተቀበልኩ። ኢንተርኔት ላይ ስንፈልግ ይህ የጋዝ ኩባንያ በዚያው በ2024 ኦክቶበር ሳውዝዌስተርን ከሚባል ሌላ የጋዝ ኩባንያ ጋር ተዋህዶ ስሙን ኤክስፓንድ ኢነርጂ ብሎ መቀየሩን አገኘን። አዲሱ ስም ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። «በቃ፣ ኤክስፓንድ ነው» ብለን ደብዳቤ ጻፍን። ፖስታውን ከማሸጌ በፊት አንድ ነገር ከነከነኝ። በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ የሚሠራባቸው አካባቢዎች ተዘርዝረዋል፤ ሉዊዚያና፣ ፔንሲልቬኒያ፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ኦሃዮ። ባርኔት የለም።

ስህተታችን የገባኝ ያኔ ነው። እኛ የተከተልነው ኩባንያውን ነው። ኩባንያ ስሙን ይቀይራል፣ ይዋሃዳል፣ ይከስራል። ቼሳፒክ ራሱ በ2020 የኪሣራ ጥበቃ ጠይቆ ነበር። ውሉ ግን የኩባንያውን ስም ተከትሎ አይሄድም። እንደ ከብት ነው፤ ሻጩ የትም ቢሄድ ላሚቱ ያለችው ገዢው ዘንድ ነው። መከተል የነበረብን ወረቀቱን ነው።

ካርታው

በማግስቱ የቴክሳስ የባቡር ኮሚሽንን ድረ ገጽ ከፈትኩ። ጋሼ «ባቡር ምን አገባው?» አሉ፤ እውነት አላቸው። መሥሪያ ቤቱ በ1891 የተቋቋመው ባቡር ለመቆጣጠር ነው። ከዚያ ነዳጅና ጋዝ ተጨመረለት። የባቡሩ ሥራ በ2005 ጨርሶ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሄደ፤ ስሙ ግን ቀረ። ዛሬ በስሙ ካለው ባቡር በስተቀር ሁሉን ይቆጣጠራል።

ኮሚሽኑ ማንም በነጻ የሚከፍተው የጉድጓዶች ካርታ አለው። የቤቱን አድራሻ ስታስገባ ሰፈሩ ይመጣል። በላዩ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ተዘርግተዋል። የጉድጓዱ አፍ ከቤቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከሱቆች ጀርባ በአጥር የተከለለ ቦታ ነው። ከሥር ግን ቧንቧው ታጥፎ በአግድም ይሄዳል። አንዱ መስመር ከጋሼ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ይሄዳል። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አጠለቁ። «ይሄ ሁሉ እኛ ስንተኛ ከሥር ነበር?»

እያንዳንዱ ጉድጓድ መለያ ቁጥር አለው። ቴክሳስ 42 ነው፣ ታራንት ካውንቲ 439፤ ቀሪው የጉድጓዱ ነው። ቁጥሩን ይዤ ፒ-4 የሚባለውን ቅጽ ፈለግኩ። ጉድጓድ ከአንዱ ኦፕሬተር ወደ ሌላው ሲዛወር ሁለቱም ፈርመው የሚያስገቡት ቅጽ ነው። በ2016 መጨረሻ ላይ ጉድጓዱ ከቼሳፒክ ወደ ቲኢፒ ባርኔት ዩኤስኤ ተዛውሯል። ይህ የፈረንሳዩ ቶታል፣ የዛሬው ቶታልኢነርጂስ፣ ቅርንጫፍ ነው።

ጋሼ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «የሦስት ቁጥር ማዞሪያው ቶታል?» አዎ፣ ያው ቶታል። አዲስ አበባ ማደያው ለታክሲ ተራ ስም የሆነው ኩባንያ አርሊንግተን ቤታቸው ሥር ተገኘ።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ብዙ ሰውም እዚህ ያቆማል። ግን ኦፕሬተር ማለት የውሉ ባለቤት ማለት አይደለም። ኦፕሬተሩ ጉድጓዱን የሚያሠራው ነው። በአንድ ጉድጓድ ሥር የተጠቃለሉት ውሎች የተለያዩ ኩባንያዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ ውል ራሱ ለሁለት ሦስት ተከፍሎ ሊያዝ ይችላል። ኮሚሽኑ የሊዝ ባለቤትነት መዝገብ አይይዝም። ያ መዝገብ ያለው ካውንቲው ጸሐፊ ቢሮ ነው።

እትዬ ያዳኑን ሰዓት

የታራንት ካውንቲን መዝገብ ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት መፈለግ ይቻላል። የሚፈለገው በሰጪና በተቀባይ ስም ነው። በሊዝ ላይ ሰጪው ባለመሬቱ፣ ተቀባዩ ኩባንያው ነው። የጋሼን ስም አስገባሁ። ምንም የለም። የአባታቸውን ስም አስገባሁ። የቤት ግዢው መጣ፣ ሊዙ ግን የለም። የአያታቸውን ሞከርኩ። ባዶ።

የእኛን ስም ፈረንጅ መዝገብ ውስጥ የፈለገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቤተሰባዊ ስም የለንም። አንዱ ቅጽ ላይ የአባት ስም መጨረሻ ይሆናል፣ ሌላው ላይ የአያት። በዚያ ላይ አንድ ድምፅ በሦስት ዓይነት ፊደል ይጻፋል። ሃያ ደቂቃ ያህል አንዱን አናባቢ በሌላ እየቀያየርኩ ታገልኩ።

እትዬ ቡናውን እያቀረቡ «እኔስ? እኔም ፈርሜያለሁ» አሉ።

አዎ! ቴክሳስ ውስጥ የመኖሪያ ቤት ሲሆን ባልም ሚስትም ይፈርማሉ። እትዬ ደግሞ እንደ አገራችን ወግ የራሳቸውን አባት ስም ነው የያዙት። ስማቸውን ሳስገባ በአንድ ጊዜ መጣ። ሊዙ ላይ የጋሼን ስም የጻፈው ሰው ገልብጦታል፤ የራሳቸውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ፣ ያንንም በአንድ ፊደል አሳስቶ። መዝገቡ ደግሞ እንደተጻፈው ነው የያዘው። እትዬ ወንበር ስበው ተቀመጡና ከዚያ በኋላ ምርመራውን አልለቀቁም። «ድሮም የዚህን ቤት ወረቀት የምይዘው እኔ ነኝ።»

ከሰነዱ ላይ በጣም የሚጠቅመው ቁጥሩ ነው። በታራንት የዚያ ዓመት መዝገብ ቁጥሮች የሚጀምሩት በዲ208 ነው፤ 08ቱ ዓመቱን ያሳያል። ይህ ቁጥር የውሉ መታወቂያ ነው። ስም ይሳሳታል፣ ይህ አይሳሳትም።

የሊዙ ተቀባይ ቼሳፒክ አልነበረም። ለሌሎች ውል የሚሰበስብ ትንሽ ድርጅት ነው። ይህም የተለመደ ነው። ሰብሳቢው በራሱ ስም ያስፈርማል፣ ከዚያ መቶ ሁለት መቶውን ጠቅልሎ ያስተላልፋል። ባለመሬቱን አይጠይቅም። ውሉ ላይ «ተቀባዩና መብቱን የሚያስተላልፍላቸው» የሚለው ሐረግ ይህን ይፈቅድለታል።

ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ጠባብ ነው። ውሉ ሲተላለፍ የጋሼም የእትዬም ስም ከፊት አይመጣም። ሰጪው ኩባንያ፣ ተቀባዩ ኩባንያ ነው፤ የባለመሬቶቹ ዝርዝር ከኋላ አባሪ ላይ ነው ያለው። በኩባንያ ስም ብትፈልግ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ሰነድ ይደፋብሃል። እኛን የጠቀመን ዜና ነው። ትልልቅ ሽያጮች በጋዜጣ ይወጣሉ፤ ቀኑን ካወቅክ ፍለጋው ከዓመታት ወደ ጥቂት ሳምንታት ይወርዳል።

የመጀመሪያውን ዝውውር፣ ከሰብሳቢው ወደ ቼሳፒክ፣ ከፊርማው በኋላ ባሉት ወራት ውስጥ አገኘነው። ሦስተኛው የከፈትኩት ሰነድ ነው። አባሪው ከ40 ገጽ በላይ ነበር። እትዬ በጣታቸው ወደ ታች እየወረዱ ሳለ «ያውና እኛ!» ብለው ጮኹ። የባለመሬት ስም፣ ቀን፣ የመዝገብ ቁጥር፣ 0.2 ኤከር። ቁጥሩ የእኛው ዲ208 ነው።

ሁለተኛው ጉዞ 2010 መጀመሪያ ላይ ነው። ያኔ ቶታል ከቼሳፒክ የባርኔት ንብረት 25 ከመቶውን ገዛ፤ ዋጋው 2.25 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ጋሼ ግን ያኔም ከዚያ በኋላም ቼካቸውን ከቼሳፒክ ነው የሚቀበሉት። ሩብ ያህሉ ውል ከእጁ እንደወጣ ቼኩ ላይ የሚነግር ነገር የለም።

ሦስተኛው 2016 ነው። እዚህ ላይ ዜናው ራሱ ሊያሳስት ይችላል። በኦገስት ቼሳፒክ የቀረውን የባርኔት ንብረት ሳድል ባርኔት ሪሶርስስ ለሚባል ድርጅት እንደሚያስተላልፍ አስታወቀ። ዜናው በሰፊው ተሰራጨ፤ ዛሬም ስትፈልግ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው። ግን ቶታል ሽርካ ስለነበር ቀዳሚ የመግዛት መብት ነበረው፤ በሴፕቴምበር መብቱን ተጠቅሞ ንብረቱን ለራሱ ወሰደ። ሳድል ባርኔት እጁን ሳይጭን ቀረ። የኦገስቱን ዜና ብቻ ያነበበ ሰው ንብረቱን ላልወሰደ ድርጅት ደብዳቤ ይጽፋል። ለነገሩ ቼሳፒክ ከዚያ መውጣቱን አጥብቆ ይፈልገው ነበር፤ ከጋዝ ማስተላለፊያ ውሉ ለመላቀቅ ለዊሊያምስ ኩባንያ ከኪሱ ከፍሎ ነው የወጣው።

እኛ ዜናውን ለቀኑ ብቻ ተጠቀምንበት። ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ባሉት ሰነዶች ውስጥ ቁጥራችንን ፈለግን፤ ሁለት ማታ ፈጀ። በአንዱ ወፍራም አባሪ ውስጥ ተገኘ። ሰጪ ቼሳፒክ፣ ተቀባይ ቲኢፒ ባርኔት። ካርታውም መዝገቡም አንድ መልስ ሰጡ። ከዚያ ወዲህ የተላለፈ ነገር መኖሩን ለማየት ቲኢፒን ሰጪ አድርጌ እስከዚያ ቀን ድረስ ፈለግሁ፤ የእኛን ቁጥር የያዘ የለም። አስፈላጊ የነበሩትን ገጾች በገጽ አንድ ዶላር ከፍለን ቅጂ ወሰድን።

ቼኩ የት ሄደ?

ጋሼ በ2015 ጁላይ ቤት ሲቀይሩ ፖስታ ቤት አድራሻ አስመዘገቡ። ፖስታ ቤቱ ወደ አዲሱ አድራሻ የሚያስተላልፈው ለአንድ ዓመት ነው። ጊዜው በ2016 ጁላይ አለቀ። የአዲሱ ባለቤት ደብዳቤዎች መምጣት የነበረባቸው ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻና በሚቀጥለው ዓመት ነው። በመካከሉ የጥቂት ወራት ክፍተት አለ። ያኔ የነበረው ተከራይ ስሙን የማያውቀውን ፖስታ ምን እንዳደረገው መገመት ይቻላል። ማንንም ለመውቀስ አይመችም፤ ለከፋዩ አዲስ አድራሻ አልነገርንም።

ከፋይ ባለቤቱን ሲያጣ ገንዘቡን ያግዳል። በቴክሳስ የማዕድን ገቢ ሦስት ዓመት ያለ ጠያቂ ከቆየ ወደ ስቴቱ የሒሳብ ሹም፣ ወደ ኮምፕትሮለሩ፣ ይሄዳል። እዚያ ጊዜ አያልፍበትም፤ ባለቤቱ ሲመጣ ይመለስለታል። ድረ ገጹ ላይ በተገለበጠውና በተሳሳተው ስም ስፈልግ ሁለት መዝገብ ተገኘ። በትክክለኛው ስም ቢሆን ኖሮ አናገኘውም ነበር። ሊዙን ሳናገኝ የተሳሳተውን አጻጻፍ ከየት እናውቀዋለን?

ከዚያ ለቲኢፒ የባለመብቶች ክፍል በአደራ ደብዳቤ ጻፍን። የሊዙን ቁጥር፣ የ2001ን የቤት ሰነድ፣ አዲሱን አድራሻ፣ ደብሊው-9 የግብር ቅጽና አንድ የመሐላ ቃል አያያዝን። የመሐላው ቃል በኖታሪ ፊት የተፈረመ ነው፤ «በእነዚህ አራት ዓይነት አጻጻፎች የተጠቀሰው ሰው አንድ ነው፣ እሱም እኔ ነኝ» ይላል። ጋሼ ሲፈርሙ «በስተርጅና ራሱን ካደ እንዳልባል» አሉ።

ድርሻቸውን ቀድሜ አስልቼው ነበር። ውሉ ከሌሎች ውሎች ጋር የተጠቃለለበት መሬት፣ ዩኒት የሚባለው፣ 320 ኤከር ነው፤ ይህም ካውንቲው መዝገብ ላይ አለ። 0.2ን ለ320 አካፍል፣ በ25 ከመቶ አባዛ። 0.00015625 ይመጣል። የአንድ ሚሊዮን ዶላር ጋዝ ቢሸጥ የጋሼና የእትዬ ድርሻ 156 ዶላር ነው ማለት ነው። በፌብሩዋሪ 2025 ከኩባንያው የመጣው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ከእኔ ጋር ገጠመ። ይህ ለእኔ ከገንዘቡ በላይ ደስ አሰኝቶኛል፤ ምን ላድርግ፣ የሒሳብ ሰው ነኝ።

ገንዘቡ? ከኮምፕትሮለሩ 423 ዶላር፣ ከኩባንያው ታግዶ የቆየው 118 ዶላር። ወደፊት በዓመት ከ30 እስከ 60 ዶላር ቢመጣ ነው። በዚህ ሒሳብ 1,900 ዶላሩ የሚያጓጓ ይመስላል። ጋሼም ለሁለት ቀን አሰቡበት። ያልሸጡት በስሌት አይደለም። እትዬ «እነሱ እኛን ፈልገው ካገኙ፣ እኛ የማናውቀው የሚያውቁት ነገር አለ» አሉ። ልክ ይሁኑ አይሁኑ እንጃ። ብዙዎቹ ገዢዎች መዝገቡን በጅምላ አውርደው ለሁሉም ነው የሚልኩት። እኔ የመከርኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለመሸጥ ቢወስኑ እንኳ በሌላ ሰው ወረቀት ላይ አይፈርሙ፣ የራሳቸው ጠበቃ ያዘጋጅ።

ባለፈው ፋሲካ ጋርላንድ ቤታቸው ስንሰበሰብ ጋሼ ከአንድ የፎርት ዎርዝ ወዳጃቸው ጋር ጥግ ይዘው ይንሾካሾካሉ። ቀረብ ስል «ስምህን ተወው» ይላሉ፤ «የሚስትህን ስም ንገረኝ።»